በካርዱ ቦታ የሚቆመው ካርቶን

መስከረም 22 ቀን

ለምወድሽ የልጅ ልጄ፣ ለሚጢጢ፦

ቁመትሽ የቤቴን በር ጉበን ቢያልፍም ለኔ ያው ሚጢጢ ነሽና አትቀየሚ። እንዴት ከርመሻል? የሰው አገሩስ ብርድ እንዴት አደረገሽ? እኔ ካንቺ ናፍቆትና ከግራ ጉልበቴ በቀር ምንም አልሆንኩም። ጉልበቴም የሚያመኝ ደረጃ ስወጣ ብቻ ስለሆነ ጥፋቱን በደረጃው ላይ አላክኬ ተቀምጫለሁ።

“ለምን በስልክ አያወሩኝም?” እንደምትዪ አውቃለሁ። ስልኩ ያለው አክስትሽ እጅ ነው። ስናወራ ድምፁን ከፍ አድርጋ አጠገቤ ትቀመጥና እኔ የተናገርኩትን አርማ መልሳ ትነግርሻለች። ሬዲዮ ብለን ስም ያወጣንላት በከንቱ አይደለም። ደብዳቤ ግን በምራቅ የታሸገ ነው፤ ከኔ ምላስ ካንቺ ጣት በቀር አይነካውም።

እንግዲህ ወሬ ልንገርሽ። ሠላሳ ስድስት ዓመት የሠራሁበት የሆስፒታሉ ካርድ ክፍል ባዶ ሆነ። መደርደሪያዎቹን በጋሪ እየገፉ ሲያወጡ በር ላይ ቆሜ አየሁ። አርባ ሺህ የበሽተኛ ካርድ ከነበረበት ክፍል አሁን ያሉት ሁለት ኮምፒዩተርና አንድ የፕላስቲክ አበባ ናቸው። ፕሮግራሙን የሠራው ያንቺ መሥሪያ ቤት መሆኑን ለሰው ሁሉ ስላወራሁ፣ ማሽኑ በቆመ ቁጥር ዘበኛው “አባባ፣ የልጅ ልጅዎ ዛሬም ተበላሽታለች” ይለኛል።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ። በኔ ጊዜ ሐኪምም ይሁን ነርስ አንድ ካርድ ከመደርደሪያ ሲወስድ በቦታው ቢጫ ካርቶን ይቆም ነበር። ምትክ እንለዋለን። ሦስት መስመር አለው፦ ማን፣ መቼ፣ ለምን። አንድ ቀን የዚያን ጊዜው የሆስፒታሉ ኃላፊ ራሱ መጣና የጎረቤቱን ካርድ አምጣ አለኝ። ምትኩን ሰጠሁት። “ለምን” በሚለው መስመር ላይ “ዝም ብዬ” ብሎ ሞላ። “ጌታዬ፣ ዝም ብዬ የሚባል በሽታ መደርደሪያችን ላይ የለም” ብዬ ካርዱን መለስኩት። ሁለት ዓመት ሙሉ ሰላም አላለኝም። ካርዱም ሁለት ዓመት ሙሉ ከቦታው አልተነቃነቀም።

በናንተ ማሽን አንድ ሰው ካርድ ሲያወጣ በቦታው ምን ይቆማል?

የጠየቅኩሽ በምክንያት ነው። ከቤታችን ፊት ለፊት ያለችውን ልብስ ሰፊ ታስታውሻታለሽ፤ በየዓመቱ የትምህርት ቤት ቀሚስሽን እጥፋት እየፈታች ታስረዝምልሽ የነበረችውን። ይኸው ሁለት ወሯ፣ ሆስፒታል መሄድ አቁማለች። መድኃኒቷም አልቋል። ሕመሟ ምን እንደሆነ አልጽፍልሽም፤ የሷ ነው። ለሐኪሟ ብቻ የተናገረችውን ነገር ግን ጥግ ያለው ሱቅ ውስጥ ክር ልትገዛ ገብታ ከሰው አፍ ሰማችው። ከዚያ ወዲህ የስፌት መኪናዋን ትረግጣለች እንጂ ቀና ብላ ሰው አታይም። “ልሂድስ ብል፣ አባባ፣ ዛሬ እዚያ የነገርኳቸውን ነገ ሱቁ ይነግረኛል” አለችኝ። ያለ መድኃኒት ብዙ እንደማትቆይ እሷም ታውቃለች፣ እኔም አውቃለሁ።

ሌላው፣ የሚሞቅ ካልሲና አንድ አጉሊ መነጽር ብትልኪልኝ። ካልሲው ግራጫ ይሁን፤ ባለፈው የላክሽው ቀይ እንደ ኳስ ተጫዋች አድርጎኝ ነበር።

በሄድሽበት ሁሉ ደግ ሰው ይግጠምሽ፤ ጨጓራሽን የማይልጥ አለቃ ይስጥሽ።

አያትሽ


ጥቅምት 15 ቀን

ለተከበሩ አያቴ፣ ለአባባ፦

ከሁሉ አስቀድሜ ጉልበትዎን ሳምኩ፤ የግራውን ቀስ ብዬ። እኔ ከሥራ ብዛት በቀር ደህና ነኝ። ካልሲውንና አጉሊውን ልኬያለሁ፤ ግራጫ ነው።

ስለ ጠየቁኝ ነገር እንዳያስቡ። በኛ ሶፍትዌር ካርድ ከቦታው አይወጣም፤ ስለዚህ ምትክ አያስፈልገውም። እያንዳንዱ ሠራተኛ የራሱ መግቢያ ስምና የይለፍ ቃል አለው። ማን የማንን መዝገብ በስንት ሰዓት እንደከፈተ ማሽኑ በራሱ ይጽፋል። ይህንን ክፍል የሠራሁት እኔ ራሴ ነኝ፤ ስምንት ወር ፈጅቶብኛል። ለመግባት ብቻ ሦስት ማረጋገጫ አለው። ሌባ ቢመጣ እዚያው በር ላይ ይሸብታል።

ስለዚህ ወሬው ከኛ አልወጣም። ምናልባት ሰፊዋ ራሷ ለአንድ ሰው ተናግራ ረስታው ይሆናል። ማስረጃ ካለ ይላኩልኝና አለቃዬ ፊት አቀርበዋለሁ፤ ያለ ማስረጃ ብገባ ግን ይስቁብኛል።

ደግሞም፣ አክስቴ ከሆስፒታሉ ሦስተኛ ፎቅ ሲወርዱ አየኋቸው አለችኝ። ጉልበት የሚታየው ምድር ቤት አይደለም እንዴ? ደረጃ ያመኛል የሚል ሰው ሦስተኛ ፎቅ ምን ሊያደርግ ወጣ?

ዕድሜዎን ያርዝምልኝ፤ ቀልድዎንም አይንሳኝ።

የልጅ ልጅዎ


ኅዳር 7 ቀን

ለሚጢጢ፣ ለሦስት በር ባለቤት፦

ሰላምታዬ በያለሽበት ይድረስሽ። ካልሲው ደርሷል፤ እግሮቼ አመስግነውሻል። አጉሊውም ደርሷል። ደብዳቤሽን በሱ ነው ያነበብኩት። “ሰፊዋ ራሷ ተናግራ ይሆናል” የሚለው በጣም ትልቅ ሆኖ ታየኝ። ለሷ አላነበብኩላትም።

ስለ ሦስተኛ ፎቅ ላልሽው፣ ከዚያ መስኮት ከተማው ጥሩ ይታያል።

ማስረጃ አልሽ። መልካም። ነገ ጠዋት ከሐኪሜ ጋር ቀጠሮ አለኝ። አንድ ነገር እነግራታለሁ። ለሌላ ለማንም፣ ለአክስትሽም ለትራሴም፣ ትንፍሽ አልልም። የምነግራትን ዛሬ ጽፌ፣ በትንሽ ፖስታ አሽጌ፣ በዚህ ደብዳቤ ውስጥ ከትቼዋለሁ። ክፈቺው እስክልሽ እንዳትከፍቺው። ፖስታ ቤት ያለችውን ሴትዮ የማህተሙ ቀን በደንብ እንዲነበብ አጥብቃ እንድትመታው ለምኛታለሁ፤ ጠረጴዛው እስኪንቀጠቀጥ እንደምትመታው ቃል ገብታልኛለች።

በነዚህ ቀናት ስለኔ አንድ ነገር ብትሰሚ ከመጮህሽ በፊት ቀን ቁጠሪ።

ጤናና ትዕግሥት ይስጥሽ፤ በተለይ ሁለተኛውን።

አያትሽ


ኅዳር 13 ቀን

አባባ!

ሰላምታውን ይለፉኝ፤ ዛሬ ሰላም አይደለሁም።

ሊያገቡ ነው?

አክስቴ እያለቀሰች ደወለችልኝ። ሱቅ ገብታ ባለሱቁ “እንኳን ደስ አላችሁ” ሲላት ነው የሰማችው። በሰባ ዘጠኝ ዓመትዎ! ማን ናት? አክስቴ አትክልት ሻጯ ናት ትላለች። ጎረቤት ደግሞ ከሆስፒታሉ በጡረታ የወጣች ነርስ ናት ይላል። እኔ አልቃወምም፤ መብትዎ ነው፤ ደስ ይበልዎት። ግን እኔ የልጅ ልጅዎ ከባለሱቁ ኋላ ልሰማ? የዘበኛው ሚስት ሳትቀር ስታውቅ?

ደግሞ ሐኪምዎን “ልቤ ትዳር ይችል ይሆን?” ብለው እንደጠየቋት ሁሉ ነው የሚወራው፤ ቃል በቃል፣ ከነሳቋ። ልብዎ ምን ሆኖ ነው የሚጠይቁት?

እየሳቅኩም እየተናደድኩም ነው የምጽፈው። ቶሎ ይመልሱልኝ። ስልኩ አክስቴ እጅ ባይሆን በስልክ ነበር የምጮኸው።

መጀመሪያ ሊነገራት ይገባ የነበረች የልጅ ልጅዎ


ታኅሣሥ 4 ቀን

ለሠርጌ ታዳሚ፣ ለሚጢጢ፦

እንዴት ነሽ? ጩኸትሽ በፖስታ ደርሶኛል፤ ስከፍተው ጆሮዬን ያዝኩ። እኔ ደህና ነኝ፤ ሙሽራ ስለሆንኩ ሰው ሁሉ ወንበር ይለቅልኛል።

ትንሹ ፖስታ እስካሁን እጅሽ ገብቷል። አሁን ክፈቺው።

ከፈትሽው? እጅ ጽሑፌን ታውቂዋለሽ። “ለሐኪሜ የምነግራት፦ ላገባ አስቤያለሁ፤ ልቤ ትዳር ይችል ይሆን?” ማህተሙ የኅዳር ሰባት ነው። በስምንት፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ፣ በሩ ተዘግቶ፣ ያቺን ቃል ለሐኪሜ ተናገርኩ። ወጣት ናት፤ እስክታነባ ሳቀችና እንደ ደንቧ መዝገቤ ላይ ጻፈችው። ሌላ ሰው አልነበረም። በዘጠኝ አረፍኩ። በአሥር ጸጉር ልስተካከል ብቀመጥ ጸጉር ቆራጩ “አባባ፣ ሽበትዎን በነፃ ላጥቁርልዎ፤ ለሠርግዎ ስጦታዬ ነው” አለኝ። በአሥራ አንድ ባለሱቁ። በአሥራ ሁለት አክስትሽ ያበጠ ዓይኗን ይዛ መጣች። በአሥራ ሦስት አንቺ። ወሬው አንቺ ጋ ለመድረስ አምስት ቀን ፈጀበት፤ የኔ ደብዳቤ ሦስት ሳምንት። ባለሱቁን ፖስታ ቤት መቅጠር ነበር።

አትክልት ሻጯ “እኔን እኮ ማንም አልጠየቀኝም!” ብላ አደባባይ ላይ ተቆጣች። ከዚያ ወዲህ ግን ቲማቲም ስትመዝንልኝ ሚዛኑ ወደኔ ያደላል።

አሁን ዋናውን ስሚ። ሰማያዊ ኮቴን ለብሼ ወደ ሆስፒታሉ ዳይሬክተር ሄድኩ። ገና በሩን ገርበብ ሳደርገው ከወንበሩ ብድግ ብሎ፣

“አባባ! እንኳን ደስ ያለዎት!” አለኝ።

“በምኑ፣ ልጄ?”

“ያው… በትዳሩ ነዋ!”

“ከማን ሰማህ?”

ፈገግታው ፊቱ ላይ እንዳለ ደረቀ። ብልህ ሰው ነው፤ ወዲያው ገባው። ጸሐፊውን ጠራት። እሷ ከገንዘብ ተቀባይዋ ነው የሰማሁት አለች። ገንዘብ ተቀባይዋ ተጠርታ መጣችና “ካርድ ክፍል ስክሪኑ ላይ ተከፍቶ አየሁት፤ ጥርስ የማያስከድን ነገር ስለሆነ ነው” አለች። ተያይዘን ወረድን። ያንቺ ማሽን እውነትም ይጽፋል፤ እሱን አልክድሽም። መዝገቤ በአራት ቀን ውስጥ ስልሳ ሦስት ጊዜ ተከፍቷል። ስልሳ ሦስቱንም ጊዜ የከፈተው አንድ ስም ነው፦ ካርድ አንድ።

“ካርድ አንድ ማን ነው?” አለ ዳይሬክተሩ።

መዝጋቢዋ ቀስ ብላ እጇን አነሳች። ቀጥሎ ገንዘብ ተቀባይዋ። ቀጥሎ ሁለት ነርሶች። የጽዳት ሠራተኛዋም መጥረጊያዋን ወደ ግራ እጇ አዛውራ ቀኟን አነሳች። የይለፍ ቃሉ በወረቀት ተጽፎ የፕላስቲኩ አበባ ግንድ ላይ ተለጥፏል።

“ለምንድነው ሁላችሁም በአንድ ስም የምትገቡት?” ብዬ መዝጋቢዋን ጠየቅኳት።

“አባባ፣ አንዱ ወጥቶ ሌላው እስኪገባ አራት ደቂቃ ይፈጃል። መስኮቱ ፊት ሰማንያ ሰው ቆሟል። ሰኞ ጠዋት አንዳችን እንገባለን፤ ቅዳሜ እንወጣለን።”

“እስቲ አሁን ግቢ” አልኳት፤ ሰዓቴን ይዤ። አራት ደቂቃ ከአሥር ሰከንድ። እጁ በፋሻ የታሰረ ሰው ከሰልፉ “ሴትዮ፣ ቁስሌ እዚሁ ሊድን ነው!” ብሎ ጮኸ። ሚጢጢ፣ እኔም ሳቅኩ፤ ነገሩ ግን ያኔ ገባኝ። በሩን አክብደሽ አክብደሽ ስለሠራሽው አንዴ ከፍተው ትተውት ሄደዋል።

ዳይሬክተሩ ማክሰኞ ሁሉም በየስሙ ይግባ ብሎ አዘዘ። ሐሙስ ሰልፉ የግቢውን በር አልፎ መንገድ ዘጋ። ዓርብ ካርድ አንድ ተመለሰ። እነሱን ልውቀስ ብል ማንን ልወቅስ? ያ ሁሉ ሰው የለበሰው አንድ ስም ነው።

ለሰፊዋ ይህንን ሁሉ ነገርኳት። መርፌዋን ከንፈሯ ላይ ይዛ ሰማችኝና “እንግዲያ ትክክል ነበርኩ” አለች፤ ሥራዋን ቀጠለች። አልሄደችም።

ካልሲ አልፈልግም። መነጽርም አልፈልግም። ምትኬን ላኪልኝ።

ልብሽን ያብራልሽ፤ እጅሽንም ያፍጥነው።

አያትሽ፣ ያለ ሙሽሪት


ታኅሣሥ 27 ቀን

ለተከበሩ አያቴ፦

እንደምን ሰነበቱልኝ? እኔ ደህና ነኝ፤ ፊቴ ብቻ ቀልቷል።

ፖስታው ጠረጴዛዬ ላይ አንድ ወር ሊሞላው ጥቂት ሲቀረው ነው የፈቀዱልኝ። አልከፈትኩትም። አንድ ጊዜ ግን፣ ልናዘዝ፣ ወደ መስኮቱ ብርሃን አንስቼዋለሁ። “ልቤ” የሚል ቃል ብቻ አየሁ፤ ደንግጬ መለስኩት።

ስለ ሰፊዋ የጻፍኩትን አሁን ሳስበው መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ እላለሁ። ይቅርታዬን ያድርሱልኝ ልል ነበር፤ ተውኩት። ለሷ ራሴ እጽፍላታለሁ።

ዛሬ አለቃዬ ጋ ገባሁ። “የይለፍ ቃል መጋራት በውሉ ተከልክሏል፤ ጥፋቱ የሆስፒታሉ ነው” አለኝና ወደ ስክሪኑ ዞረ። ነገም እገባለሁ። ከነገ ወዲያም።

አሁን የርስዎ ነገር። ቀልዱ ገብቶኛል። ግን ለምን ልብ? ጉልበት ማለት ይችሉ ነበር። ሦስተኛ ፎቅ የልብ ክፍል መሆኑን አክስቴን ጠይቄ አውቄያለሁ። አባባ፣ ለጥገና ሥራ የተሰጠኝ ቁልፍ አለ። ከዚህ ወንበር ሳልነሳ መዝገብዎን ልከፍት እችላለሁ። ካልነገሩኝ እከፍተዋለሁ።

ጤና ይስጥልኝ፤ እውነቱንም ያውጡልኝ።

የልጅ ልጅዎ


ጥር 19 ቀን

ለሚጢጢ፦

ሰላም ላንቺ ይሁን። እኔም ደህና ነኝ።

ትችያለሽ።

አያትሽ


መጋቢት 6 ቀን

ለአባባ፦

እንደምን አሉልኝ? አንድ ቃል ብቻ ጽፈውልኝ ከዚያ ወዲህ ድምፅዎ ጠፋ። አክስቴ ጋ ስደውል “ደህና ናቸው፣ ደህና ናቸው” ትልና ትዘጋለች። አክስቴ! ያቺ አክስቴ! ስለዚያ ነገር ዳግመኛ አልጠይቅዎትም። እርስዎ ሲፈልጉ።

የያዝኩት ዜና ግን ስላላስቀመጠኝ ነው የምጽፈው። አሸነፍን!

አለቃዬ ጋ አራት ጊዜ ገባሁ፤ አራት ጊዜ ስለ ውሉ ነገረኝ። በአምስተኛው ጊዜ የደቂቃ መቁጠሪያ ይዤ፣ አሥራ ሁለት የሥራ ባልደረቦቼን አስከትዬ ገባሁ። ከኋላው አሰለፍኳቸው። “አንተ መዝጋቢ ነህ፤ እነዚህ በሽተኞችህ ናቸው፤ እያንዳንዳቸውን ለመመዝገብ ውጣና ግባ” አልኩት። አንዱ አሳለ። አንዷ ወገቧን ይዛ አቃሰተች። አንዱ የርስዎን ደብዳቤ ተርጉሜለት ስለነበር “ሰውዬ፣ ቁስሌ እዚሁ ሊድን ነው!” ብሎ ጮኸበት። አለቃዬ ላቡ ጠብ ጠብ እያለ ስድስት ጊዜ ገባ፣ ስድስት ጊዜ ወጣ። በሰባተኛው ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? የይለፍ ቃሉን በወረቀት ጽፎ ስክሪኑ ላይ ለጠፈው! ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። እሱ ራሱ ወረቀቱን አየና አፉን በእጁ ያዘ። “በቃ፣ ገባኝ። ምን ያስፈልግሻል?” አለኝ።

የሚያስፈልገኝን ነገርኩት። አሁን እያንዳንዱ ሠራተኛ አንገቱ ላይ የሚያንጠለጥለው ትንሽ መታወቂያ አለው። ሲያስነካው በሁለት ሰከንድ ይገባል፤ ሲያነሳው ስክሪኑ ይዘጋል። ትተውት እንዳይሄዱ ደግሞ ያው መታወቂያ የሠራተኞቹን የሻይ ክፍል በር እንዲከፍት አድርገነዋል። ያለሱ ሻይ የለም።

መዝገብ ሊከፈት ሲል ቢጫ ካርቶን ብቅ ይላል። ማንና መቼ የሚለውን ማሽኑ ይሞላል፤ ለምን የሚለውን ሰውየው። “ዝም ብዬ” አይቀበልም፤ ይህቺን እኔ ራሴ ነኝ የጨመርኳት። በሽተኛው በፈለገ ቀን መዝገቡን ማን ማን እንደከፈተው በወረቀት ይወጣለታል። ሁሉም ስም ይወጣል፤ የኛ የጥገና ሰዎችም፣ የኔም። ከሳምንታት በፊት የተከፈተውም ሳይቀር።

ስሙን ምትክ ብለነዋል። ቋንቋችንን የማያውቁት ባልደረቦቼም እንደዚያው ነው የሚሉት፤ ሲሉት ግን የሚያስነጥሱ ይመስላሉ።

በዚህ ወር መጨረሻ እናንተ ጋ ይጫናል። ለሰፊዋም ጽፌላታለሁ።

ፈጣሪ ለወሬዎ ያብቃኝ።

ምትክ ሠሪዋ የልጅ ልጅዎ


ሚያዝያ 20 ቀን

ለልጅ ልጄ፣ ለኩራቴ፣ ለሚጢጢ፦

ሰላምታዬ ከደስታ ጋር ተቀላቅሎ ይድረስሽ። ይህንን ደብዳቤ የምጽፈው ቆሜ ነው ብልሽ ታምኚኛለሽ? መቀመጥ አቅቶኝ ነው።

ምትኬ ደረሰ! መዝጋቢዋ መታወቂያዋን ጠቅ ስታደርገው ገባች፤ ሰዓቴን ከኪሴ ሳላወጣ። “ተመስገን” አለች። ከሰልፉ አንዱ አጨበጨበ፣ ሌላው ተከተለ፤ ለኮምፒዩተር ሲጨበጨብ ያየሁት ያን ቀን ነው። በማግስቱ ገንዘብ ተቀባይዋ ዓይኗን በጨው አጥባ የአንድ ጎረቤቷን መዝገብ ልትነካካ ሞከረች። ቢጫው ካርቶን ዘሎ ወጣባት፦ ለምን? ምን ብላ ብትጽፍ ጥሩ ነው? “ዝም ብዬ”! ማሽኑ መለሰባት። እኔ መስኮቱ ጋ ቆሜ ነበር፤ ሳቄን ለመያዝ የፕላስቲኩን አበባ አሸተትኩ። እሷም አይታኝ ሳቀች፤ ጆሮዋ ድረስ ቀልታ። ዘበኛው ደግሞ “አባባ፣ የልጅ ልጅዎ ዳነች” ይለኛል።

ሰፊዋን ያስነሳት ግን ማሽኑ ብቻ አይደለም። ደብዳቤሽን በሽርጥዋ ኪስ ይዛ አንድ ጠዋት በሬን አንኳኳች። “ይቺ ልጅ ይቅርታ ስትጠይቅ ሰበብ አልደረደረችም” አለችኝ። “እስቲ አብረን እንሂድ።” ሄድን። ሐኪሟን አገኘች፤ መድኃኒቷን ጀመረች። በሳምንቱ ሐሙስ ተመልሳ መስኮቱ ጋ ቀረበችና ዝርዝሩን አውጡልኝ አለች። ወረቀቱ ወጣ። ጣቷን በስሞቹ ላይ አሳረፈች።

“ይሄ ማን ነው?”

“ሐኪምዎ ናት፣ እትዬ።”

“ይሄስ?”

“ደምዎን የመረመረው የላብራቶሪው ባለሙያ።”

“ይቺስ?”

“እኔ ነኝ፤ ቀጠሮ ስይዝልዎ።”

“ሌላስ?”

“ሌላ የለም።”

“ሱቁስ?” አለች ጮክ ብላ። ሰልፉ በሙሉ ሳቀ። እሷ አልሳቀችም፤ መልሱን ትጠብቃለች።

“ሱቁ የለም፣ እትዬ” አለቻት መዝጋቢዋ።

ወረቀቱን አራት ቦታ አጥፋ፣ የልብስ መለኪያ ሜትሯ ካለበት ኪስ ከተተችው። ወደ ቤት ስንመለስ የመንገዱን መሐል ይዛ ነው የሄደችው፤ እኔ በጠርዝ በጠርዝ እከተላታለሁ። ሱቁ ጋ ስንደርስ ገባች። አንድ ድውር ነጭ ክር ጠየቀች። ባለሱቁ እንደ ልማዱ አንገቱን ሰገግ አድርጎ “እንዴት ነው ታዲያ፣ ጤናስ?” ሲላት ምን እንዳለችው ልንገርሽ?

“ወረቀቱ ላይ ስምህ የለም።”

ክሯን ይዛ ወጣች። እኔ እዚያው በር ላይ ቆሜ ቀረሁ፤ ባለሱቁ ምን ወረቀት እንደሆነ ቢጠይቀኝ ብዬ ነበር። አልጠየቀኝም። የክር መደርደሪያውን መወልወል ጀመረ። ሰፊዋ ያን ዕለት የኮቴን ክሳድ ስትገለብጥልኝ “ለሠርግዎ አዲስ ልስፋልዎ?” ብላ አሾፈችብኝ። ከሷ አፍ ሹፈት ከሰማሁ ስንት ወር ሆኖኝ ነበር!

አሁን ወደኔ ልምጣ። እኔም ዝርዝሬን አስወጣሁ፤ ከመስከረም ጀምሮ። ካርድ አንድ፣ ካርድ አንድ፣ ካርድ አንድ፤ ገጹን ሞልቶታል። እሱን አለፍኩና የላክሽልኝን አጉሊ መነጽር አወጣሁ። ከታኅሣሥ ወዲህ ያለውን እያንዳንዷን መስመር በጣቴ ይዤ ወረድኩ። ስምሽን ፈለግኩት። አጣሁት። ከታች ወደ ላይ መለስኩት። የለሽም። ቁልፉ ኪስሽ ውስጥ እያለ፣ በሩ ፊትሽ ሆኖ፣ ያ ሁሉ ወር አልከፈትሽውም። አግዳሚው ወንበር ላይ ቁጭ አልኩ። አጠገቤ የነበረው ሰው “ምነው አባባ፣ መጥፎ ዜና ነው?” አለኝ። “አይደለም” አልኩት፤ “አንድ ሰው ፈልጌ ባጣው ጊዜ ደስ ብሎኝ ነው።”

እንግዲህ ከራሴ አፍ ስሚው። ሐኪሜን የጠየቅኳት ጥያቄ ቀልድ ነበር፤ ልቡ ግን ቀልድ አልነበረም። ከክረምት ጀምሮ ምቱን ይዘል ነበር። አንድ ጊዜ ደረጃ ላይ ጥሎኛል። ጥር 27 ቀን ከትከሻዬ አጥንት በታች፣ ቆዳዬ ሥር፣ የክብሪት ቀፎ የምታክል የልብ ምት ማስተካከያ አስገቡልኝ። ነቅቼ ነው የተሠራው፤ ሐኪሞቹን እያሳቅኩ እጃቸውን ስላስቸገርኩ ዝም በሉ ተባልኩ። ነገሩ ያማረ ሆኗል። በየወሩ ይታያል፤ በየወሩ “ድንቅ” ይሉኛል። እኔስ ድሮም ድንቅ ነበርኩ።

ለምን አልነገሩኝም ትያለሽ። የነገርኩሽ ለት ሥራሽን ጥለሽ እንደምትመጪ አውቃለሁ። ያኔ ደግሞ ሰፊዋ ከኔ ይልቅ አንቺን ከዚያ ወንበርሽ ላይ ትፈልግሽ ነበር። አክስትሽን ቃል አስገባኋት። ሬዲዮው ሦስት ወር ሙሉ ጠፋ፤ ይቺ ደግሞ ከኔ ልብ የበለጠች ተአምር ናት። አመስግኚያት፣ ደክሟታል።

ስለዚህ አሁን እኔም ውስጤ ማሽን አለ፤ በማሽን ማላገጤን ቀንሻለሁ። ትናንት ሦስተኛ ፎቅ ድረስ ሳላርፍ ወጣሁ። መስኮቱ ጋ ቆሜ አየሁት፤ ከተማው እውነትም ከዚያ ጥሩ ይታያል። ጉልበቴ ግን አመመኝ። እሱ ከመጀመሪያውም እውነት ነበር።

መደርደሪያዎቹን ሲያወጡ ከወለሉ ያነሳኋት አንዲት ቢጫ ምትክ መሳቢያዬ ውስጥ ነበረች፤ የመጨረሻዋ ናት። እዚህ ውስጥ ከትቼልሻለሁ። የማን መዝገብ እንደሆነ አናቷ ላይ ጽፌያለሁ፦ የኔ። “ማን” በሚለው ላይ ስምሽን ሞልቻለሁ። “መቼ” በሚለው ላይ “በፈለገችው ጊዜ” ብያለሁ። “ለምን” የሚለውን ለራስሽ ትቼልሻለሁ። ሞልተሽ መልሺልኝ።

ግን ሚጢጢ፣ “ዝም ብዬ” ካልሽ ካርዱን አልሰጥሽም።

አያትሽ፣ ገና ያላገባው